ሦስት ጠገራ ብር በጨረታ ሸጬ ገዢው 80 ዶላር መልሺልኝ እያለኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

የደሴ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምክር ፈልጌ ነው። አያቴ ስታርፍ ስድስት ጠገራ ብር ትታልኝ ነበር። በቅርቡ እናቴ ደሴ ለዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተያዘላት። እቁቤ ገና አልደረሰኝም። ስለዚህ ሦስቱን በኢንተርኔት ጨረታ አወጣኋቸው። በሰባት ቀን 165 ዶላር ገቡ። ሰውየው ከፈለ፤ በማግስቱ በፖስታ ቤት ላክሁለት።

እንደደረሰው መልእክት ጻፈልኝ። «1780 ይላል እንጂ በ1780 የተሠራ አይደለም። 80 ዶላር መልሺልኝና ሳንቲሞቹን ይዤ ልቅር። አለዚያ መጥፎ ኮመንት እጽፍብሻለሁ» አለኝ። ዝም ስለው አቤቱታ ከፈተብኝ፤ ድረ ገጹም ያንኑ ያህል ገንዘብ አገደብኝ። እኔ ደግሞ ገንዘቡን ለእናቴ ልኬዋለሁ። 80ውን ሰጥቼ ልገላገል ወይስ ዕቃዬን መልስ ልበለው? ርዕሱ ላይ የጻፍሁት «የ1780 ኦሪጅናል ጠገራ ብር» ብዬ ነው። መዋሸቴ አልነበረም፤ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው።

ሻጭ ከዴንቨር
እህቴ፣ 80ውን እንዳትሰጪ። የትኛው ድረ ገጽ እንደሆነ አልጠቀስሽም። እኔ 11 ዓመት የሸጥሁት ኢቤይ ላይ ስለሆነ የዚያን አሠራር ልንገርሽ፤ ሌሎቹም ብዙ አይርቁም።

«ገንዘብ ካልመለስሽ መጥፎ ኮመንት እጽፋለሁ» ማለት እዚያ ክልክል ነው። መልእክቱን አታጥፊው፣ ሪፖርት አድርጊ። ከድረ ገጹ ውጭ በስልክም በኢሜይልም አትነጋገሪው። በትህትና፣ በአጭሩ፣ እዚያው ውስጥ ብቻ መልሺ። የምትጽፊውን ነገ ሦስተኛ ሰው ያነበዋል ብለሽ ጻፊ።

ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም፤ ርዕሱ ላይ ተሳስተሻል። ጠገራው ላይ ፊቷ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የተመታው፤ የቪየናው የሳንቲም ማተሚያ ቤት ዛሬም ይመታዋል። ሰብሳቢዎች ይህን ያውቃሉ። «ዕቃው ከተገለጸው ይለያል» ብሎ የከሰሰሽ በዚህች ቀዳዳ ገብቶ ነው። ገዢ ይህን ለማለት ዕቃው ከደረሰው 30 ቀን አለው። «መመለስ አይቻልም» ብለሽ ብትጽፊም አያድንሽም። አንቺ መልስ ለመስጠት ያለሽ 3 የሥራ ቀን ነው። ዝም ካልሽ ድረ ገጹ ለእሱ ሊፈርድ ይችላል።

እኔ ብሆን ሪተርኑን፣ ማለት ዕቃው እንዲመለስ፣ እቀበላለሁ። የመመለሻውን ፖስታ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፤ ያናድዳል፣ ግን ከ80 ዶላር ይሻላል። ፓኬቱ ሲመጣ ሳትከፍቺው ቪዲዮ ጀምሪ። አድራሻው ይታይ፣ ፕላስተሩ ሲቀደድ ይታይ፣ ሳንቲሞቹ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ይታይ። ዲጂታል ሚዛን ግዢ። ትክክለኛ ጠገራ 28.07 ግራም አካባቢ ነው፣ ስፋቱ 39.5 ሚሊ ሜትር። ጠርዙ ላይ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለው። ለውጦ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው፣ ተጠንቀቂ።

ፍራንክፈርት ነኝ
ጀርመን ውስጥ ትንሽ ይለያል። የግል ሻጭ ከሆንሽ፣ ነጋዴ እንዳለበት ያለ የ14 ቀን የመመለስ ግዴታ የለብሽም። ዋስትና አልሰጥም ብለሽ መጻፍም ትችያለሽ። ግን እዚህም መግለጫው እውነት መሆን አለበት። «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል እኔ ጭራሽ ትቼዋለሁ። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ጭረቱን።

የፒያሳው፣ ሲያትል
ይቅርታ አድርጊልኝና ልጄ፣ ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። የአያትን ጠገራ ለምን ትሸጫለሽ? የእኛ ነገር በጨረታ እያለቀ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ይወጣል። በ2024 ኒውካስል ላይ ጋሻ ሊሸጥ ቀርቦ በኢትዮጵያ ጥያቄ ነው ከጨረታው የወጣው። የሌላውን አትሽጡ እያልን የራሳችንን በእጃችን ከሸጥን ምን አፍ ይኖረናል? አገራችን ውስጥ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም።

ሻጭ ከዴንቨር
ጋሼ፣ በአክብሮት፤ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ሪተርን ነው።

ጂዳ
የደሴ ልጅ፣ አንብቤ አለቀስሁ። የእኔም አያት ሁለት ነበራት፤ በሙዳይ ውስጥ፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለው። ለበዓል ቀን ብቻ ታወጣቸውና ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋ ድምፁን ታሰማን ነበር። እውነተኛው ይዘምራል፣ የውሸቱ ይንኳኳል ትላለች። እዚህ የብር ጌጥ ገበያ ላይ አንድ ቀን ያንኑ ፊት አየሁት፤ ሪያል ፈራንሲ ይሉታል። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ ዋጋ ሲነግረኝ ምንም መመለስ አልቻልሁም። ሰባት ዓመት ሆነኝ አገሬን ሳላይ። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ወንድሜ ይደውላል፤ ሥራው ሳይሆን ስልኩ ነው የሚያደክመኝ። ለእናት ዓይን ከሆነ ግን ይሸጥ። አያትሽም ብትኖር ያንኑ ታደርግ ነበር።

ፍራንክፈርት ነኝ
ጋሼ ሲያትል፣ መቅደላን ከዚህ ጋር አንቀላቅል። መቅደላ ዝርፊያ ነው። ጠገራ ገንዘብ ነው፣ ለመገበያየት የመጣ። እኛ አልመታነውም። ቪየና መታው፣ ለንደን መታው፣ ፓሪስ መታው፣ ቦምቤይም መታው። ጣሊያን በ1935 የሳንቲሙን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ መታችው፤ እኛን ልትወርረን። የትኛው ነው ቅርሳችን? የእኛ አንጥረኞች ራሳቸው እያቀለጡ መስቀልና ድሪ ሲሠሩበት ኖረዋል።

የፒያሳው፣ ሲያትል
የት እንደተመታ አይደለም ጥያቄው። በማን እጅ እንደኖረ ነው። ገበያ ላይ አባቶቻችን በንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ሳይቆጥሩ አይቀበሉትም ነበር። የተፋቀውን ይመልሱታል። አንድ ሕዝብ እንዲህ አድርጎ የመረመረው ነገር የእሱ ሆኗል። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ሲያደርገው እዚያው አገሩ ነው የሚቀረው። አሁን ግን ኦሃዮ ያለ ሰው መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ጂዳ
ጋሼ እውነትዎን ነው፤ ግን ኦፕራሲዮኑን ማን ይክፈል?

የፒያሳው፣ ሲያትል
ማህበራችን ለምን አለ? ከመሸጧ በፊት እዚህ ብትጽፍ 165 ዶላር አናዋጣም ነበር? ይህን የምለው ልወቅሳት አይደለም። እኛንም ነው የምወቅሰው።

የደሴ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ አልተቀየምሁም። ገንዘብ መለመን ግን ከበደኝ፤ ያንን ይረዱልኝ። የእናቴ ኦፕራሲዮን ተሳክቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት የአውራ ጣቷን ጥፍር አየሁት ብላ ደወለችልኝ።

ሪተርኑን ተቀበልሁ። ዴንቨር እንዳልኸኝ ቪዲዮ እየቀረጽሁ ከፈትሁት። ሁለቱ 28 ግራም ናቸው። ሦስተኛው 24.3 ነው። ጠርዙ ላይ ምንም ጽሑፍ የለውም፣ ለስላሳ ነው። እኔ የላክሁት አይደለም! በፎቶዬ ላይ የአያቴ ሳንቲም ከንግሥቲቱ ግንባር በላይ የተበሳ ቀዳዳ ነበረው፤ አያቴ ድሪ ላይ የሰካችበት። ይሄኛው ቀዳዳ የለውም። አሁን ምን ላድርግ?

ሻጭ ከዴንቨር
ቀዳዳው ጥሩ ማስረጃ ነው፤ እሱን አጥብቀሽ ያዢ። የጨረታውን ፎቶና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጊ፣ ሚዛኑ ቁጥሩን እያሳየ አንሺ። ገንዘቡን ለመመለስ 2 የሥራ ቀን ነው የምታገኚው፤ ከዚያ በፊት ድረ ገጹ እንዲገባበት ጠይቂ። ቻት አይበቃም፤ ደውዪና ሰው አነጋግሪ፣ የጉዳዩን ቁጥር ጻፊ። ስሙንም ከገዢዎችሽ ዝርዝር አግጂው። ከ2008 ጀምሮ ኢቤይ ላይ ሻጭ ስለ ገዢ መጥፎ ኮመንት መጻፍ አይችልም፤ ያለሽ መከላከያ ማገድ ነው።

ፍራንክፈርት ነኝ
አያችሁ ጋሼ? ቅርሱን አገር ቤት ያለ አንጥረኛ አይደለም የለወጠው።

የፒያሳው፣ ሲያትል
እኔም እኮ ያልሁት ይህንኑ ነው። ከእጅ ከወጣ ማን ይጠብቀዋል? አንተ ገንዘብ ነው አልኸኝ። ገንዘብ ቢሆን 24 ግራሙም 28ቱም ለእሷ አንድ በሆኑ ነበር። ተመልከት ስለየትኛው እያለቀሰች እንደሆነ።

ፍራንክፈርት ነኝ
የምታለቅሰው ስለተታለለች ነው ጋሼ። እርስዎም ቢሆኑ መኪናዎን ሸጠው ቢታለሉ ያመዎታል።

ጂዳ
እባካችሁ፣ በልጅቷ ጉዳይ አትጣሉ።

የደሴ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ደወልሁ። 40 ደቂቃ ጠበቅሁ። ያነጋገረችኝ ሴት ቪዲዮውን በኢሜይል መላክ አይቻልም፣ ፎቶ ብቻ ጫኚ አለችኝ። ጫንሁ። ነገ ቀኑ ያልቃል። የሁለቱን ትክክለኛ ሳንቲሞች ዋጋ ብቻ መመለስ ይቻላል ወይስ ሙሉውን ከመለስሁ በኋላ ነው ይግባኝ የምለው? ዴንቨር፣ አለህ?