ቆስጣውን አሳድገውታል፤ እንዴት ላስቀምሳቸው?

አዳማ ውስጥ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ከክፍላችን ጀርባ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ከልጆቹ ጋር ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ዘርተናል። የአዳማ ፀሐይ ስለማይምር ጠዋት ከሰልፍ በፊት ያጠጣሉ፤ ክዳኑ በተበሳ የውሃ ፕላስቲክ፣ እየተሻሙ። በዚህ በኩል ከእነሱ የምጠይቀው የለም።

ችግሩ መብላቱ ላይ ነው። ካሮቱን ራሳቸው ነቅለው፣ አጥበን ስንቆርጥላቸው ጥሬውን ጨረሱት። ቀይ ሥሩንም ከድንች ጋር ቀቅለን ስናቀርብላቸው ቀለሙ ማረካቸው። ቆስጣውን ግን አይነኩም። በሽንኩርትና በዘይት አብስዬ በእንጀራ ሰጠኋቸው፤ ተዉት። በደቃቁ ከትፌ ፍርፍር ውስጥ ስደባልቀው፣ አንዷ ልጅ አረንጓዴውን በጣቷ እየለቀመች በምሳ ዕቃዋ ክዳን ላይ ደረደረችው፤ ጓደኞቿም አይተው ተከተሏት። ደብቆ ማብላቱ ለነገሩ ለእኔም አልተዋጠልኝም፤ ያሳደጉትን አትክልት አውቀው እንዲበሉት ነው የምፈልገው። ስለ ብረትና ስለ ቫይታሚን ኤ ስጠይቃቸው በቃላቸው ይመልሳሉ፤ እጃቸው ግን ወደ ብስኩቱ ነው።

ያለኝ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ድስትና የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ቅጠሉ ደርሷል፤ ከቆየ ደግሞ ይጠነክራል። የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ቆስጣን ወደው እንዲበሉ ያደረጋችሁ አስተማሪዎችና ወላጆች፣ እንዴት አዘጋጅታችሁ፣ ከምን ጋር አቀረባችሁላቸው?