ወፍ ማየት ከየት ይጀመራል? ስልኩስ ምን ይደረግ? (ከደብረ ብርሃን)

ጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሥራ መልስ ያለው ሰዓት ሁሉ ስልክ ላይ ያልቃል። አንዱ ቪዲዮ ሌላውን እየጠራ፣ ቴሌግራም ላይ ስንቱ ነገር እየተነበበ ይመሻል፤ በማግስቱ ግን አንዱንም አላስታውሰውም። ስልኬን እርግፍ አድርጌ ልተው አላልኩም፤ ዜናውም ዘመዱም እዚያው ነው። የምፈልገው ከቤት የሚያስወጣና የሚያመራምር አንድ አዲስ ልማድ፣ ከዚያ ደግሞ የማየውንና የማነበውን በወጉ የምይዝበት ዘዴ ነው። ለመጀመሪያው ወፍ ማየት አስቤአለሁ። ምን ልግዛ? በስንት ሰዓት ልውጣ? ምን ልጻፍ? ለሁለተኛውስ መነሻው ምንድን ነው? እባካችሁ «ጠንክሪ፣ አንብቢ» ከምትሉኝ የሚሠራውን ነገር ንገሩኝ።

ቆላ_ደጋ

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ወር ምንም አትግዢ። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይበቃሻል። እርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ በጤዛና በካፊያ ስለሚቀልም፣ በብርድም አልጽፍ ስለሚል ነው። ዓይንሽ ምን መፈለግ እንዳለበት ሳይለምድ ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ብትይዢ ወፉን በሱ ስትፈልጊ እሱ በርሮ ይሄዳል።

ከተማሽን ሳትለቂ በጥቂት ወፎች ጀምሪ። ጋጋኖን ሁሉም ያውቀዋል፤ በመንጋ ሆኖ ቆልማማውን ረጅም ምንቃሩን መስክ ውስጥ እየሰካ ይለቅማል። ግን ቀረብ ብለሽ ስታዪው ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥላለች፤ ሲነሣ ደግሞ ቆሞ ሳለ ያልታየው ሰፊ ነጭ ምልክት ክንፉ ላይ ይወጣል። ቁራ ተብሎ የሚታለፈውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ምንቃሩ እጅግ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው የኢትዮጵያና የአካባቢዋ ብቻ የሆነው ነው። ሙሉ ጥቁር ሆኖ ሲበር ጅራቱ አጭር የሚመስለው ሌላ ነው፤ እሱ በገደል አካባቢ ይበዛል። ርግቦችንም እንዲሁ ለዪ፦ ግራጫ ሆና ከአንገቷ ኋላ ነጭ ቀለበት ያላት የደጋችን ናት፤ ገደልና ቤተ ክርስቲያን ትወዳለች። ውሃ ያዘለ መስክ ካገኘሽ ክንፏ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ያላትን ዝይ ፈልጊ። አንገቷን ወደ ጀርባዋ ቀልብሳ መሄድ ስለምታበዛ በአረማመዷ ብቻ ከሩቅ ትለያለች።

አጻጻፉ ቅደም ተከተል አለው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ ቀድሞ ይሰፍራል። ቀጥሎ መጠን፦ ከድንቢጥ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከዋኖስስ? ከቁራስ? ከዚያ የምንቃሩ ቅርጽ፣ ከዚያ አረማመዱ (ይዘላል ወይስ ይራመዳል?)፣ ከዚያ የጭንቅላት፣ የደረት፣ የክንፍና የጅራት ቀለም፣ በመጨረሻም ድምፅ። ቀለም መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው ብርሃን ስለሚያታልል ነው፤ ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች ቡናማው ሁሉ ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ ቁሚ። ሥዕል አልችልም አትበይ፤ ለአካል አንድ እንቁላል፣ ለጭንቅላት አንድ ክብ ሥለሽ ምልክቶቹን በቀስት አመልክቺ፣ በቂ ነው።

ስሙን የምትፈልጊው ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ነው። ይህችን ደንብ በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። መጽሐፉን ወይም መተግበሪያውን ቀድሞ የከፈተ ሰው ወፉ ላይ የሌለ ምልክት ማየት ይጀምራል፣ ልቡ ስሙን አስቀድሞ መርጧላ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ካለ ፀሐይ መስኩን እስክትነካው ጠብቂ፤ ትንንሾቹ ወፎች በንቃት የሚንቀሳቀሱት ያኔ ነው። ትልልቆቹ ተንሳፋፊዎች፣ ንስርና ጥንብ አንሳ፣ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲነሣ ስለሚወጡ ከ4 ሰዓት በፊት ገደል አፍ ላይ መቆም ብዙ አይጠቅምም።

ቀስ ብለሽ በደብረ ሲና መንገድ ገደል አፍ ላይ ያለው ጣርማበር ስትደርሺ ጅራቱ እንደ ጦር ጫፍ የሾለውን ታላቅ ጥንብ አንሳ ተመልከቺ፤ አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ እየጣለ ሰባብሮ የሚበላው እሱ ነው። አንኮበር ደግሞ በራሱ በአንኮበር ስም የተጠራች ትንሽ ወፍ አለች። በሳይንስ የተመዘገበችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ደብዛዛ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር፣ በገደል ጠርዝ መሬት ለመሬት ዘር የምትለቅም ስለሆነች ብዙ ሰው ድንቢጥ ናት ብሎ ያልፋታል። እሷን ለማየት በወሩ የሠራሽው ደብተር ያስፈልግሻል።

ብራናና_ብዕር

ወፉን ቆላ_ደጋ ጨርሶታል፤ እኔ ስልኩን ልያዝ።

ችግሩ የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ስልኩ ሲከፈት የሚፈለገው ነገር አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ከዚያው ደብተር ጀርባ ጀምረሽ ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈይው። በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ ከነምንጩ። ስልክ ከመነካቱ በፊት አንድ ጥያቄ በግራ ይጻፋል፤ መልሱ ሲገኝ በቀኝ በራስሽ ቃል ከሁለት መስመር ባልበለጠ ይሰፍራል፣ ስልኩም ይዘጋል። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ስለ ወፍ ማወቅ» ጥያቄ አይደለም፤ «ጋጋኖ ሲነጋ ከየት ተነሥቶ ይመጣል? የት ያድራል?» ጥያቄ ነው። መልስ ያልተገኘለትን አትሰርዢው፤ ቅዳሜ ስትወጪ ከሜዳው የምትፈልጊው እሱ ይሆናል።

የስልኩን አቀማመጥም ቀይሪ፣ ፈቃድ ብቻውን አይዘልቅም። ዩቲዩብ ላይ የእይታ ታሪክ መመዝገቡን አቁሚና የድሮውንም አጥፊ፤ ያኔ የመነሻ ገጹ የሚደረድርልሽ ቪዲዮ ያጣል፣ የተመዘገብሽባቸውን ቻናሎች ብቻ በሰብስክሪፕሽን በኩል ታያለሽ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ከፍተሽ ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ አድርጊ። ቻናሎቹን በሙሉ ድምፃቸውን አጥፍተሽ ወደ አርካይቭ አስገቢ፤ የቤተሰብና የሥራው ብቻ ፊት ለፊት ይቅር። ዜና በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት ይበቃል። ሰበር የተባለው ነገር ከምሳ እስከ ማታ ባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል ወይም ይስተባበላል።

ኔትወርክ ሲጠፋም የሚነበብ እንዲኖርሽ ኪዊክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ። ውክፔዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የአማርኛው ፋይል ትንሽ ነው፤ የእንግሊዝኛው ሙሉ ከነሥዕሉ ከስልክ አቅም በላይ ስለሆነ በርዕስ የተከፋፈሉትን ወይም ሥዕል የሌላቸውን ምረጪ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ያነበቡትን መመርመር። ምሳሌውን ከከተማሽ ልውሰድ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየው ብርሃን ነው። «ያ ብርሃን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነበር» እየተባለ በየገጹ ይለጠፋል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢመስልም ሦስት ነገር ተደራርቦበታል። ብርሃን መታየቱን የሚነግረን የንጉሡ ዜና መዋዕል ነው፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ ታየ ብሎ ነገሩን ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። ሃሌይ በ1456 እ.ኤ.አ. ማለፉ ደግሞ ከሌላ ወገን የመጣ ነው፤ በአውሮፓም በቻይናም ተመዝግቧል፣ በስሌትም ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ጁን 9 ቀን ነው። «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚለው ግን ኋላ የመጡ ሰዎች ግምት ነው። የሚለጥፈው ሰው ሦስቱን በአንድ ድምፅ ስለሚያወራቸው አንባቢው ግምቱንም እንደ መዝገብ ይቀበለዋል።

እንዴት ይፈተሻል? ቀን ከቀን ጋር በማስተያየት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዛሬውን የዘመን ልዩነት ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን በመውሰዱ ነው። ፈረንጆቹ ዛሬ የሚጠቀሙበት ግሪጎርዮሳዊው አቆጣጠር የመጣው በ1582 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በ1456 አውሮፓ የሚቆጥረው ከሱ በፊት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። በዚያ አቆጣጠር መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ኦገስት 30። ሰኔ 1 ደግሞ ሜይ 26 ይውላል። ስለዚህ ጁን 9 ቀን 1456 የሚሆነው ሰኔ 15 ቀን 1448 ዓ.ም. ነው። የዛሬውን ልዩነት ይዞ የቆጠረ ሰው ሰኔ 2 ብሎ 13 ቀን ይስታል። አሁን ዜና መዋዕሉ ብርሃኑ የታየበትን ወርና ቀን የት ላይ እንደሚሰጥ ፈልጊና ከሰኔ 15 ጋር አስተያዪ። ያ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ከመቶ አጫጭር ቪዲዮ የበለጠ ታውቂበታለሽ።

ለፎቶም ያው ነው። የጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት ሥዕል «ዛሬ እኛ አካባቢ» ተብሎ ከመጣ በጉግል ሌንስ ፈልጊው፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ ጽሑፍና አርማ ያለበትን ጠርዝ ቆርጠሽ መሐሉን ብቻ። ከቀድሞ ዓመት የተለጠፈ ከወጣ አለቀ። ምንም ካልወጣ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ገና አልተረጋገጠም ማለት ብቻ ነው።

ከጣርማበር_ማዶ

ከላይ ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ወር ሙሉ ያለ ባይኖኩላር የሚለው ግን ለሁሉም አይሆንም። ቤት ውስጥ ያለ ካለ ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ፤ ሌሊትም ያገለግላልና። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ክርንሽን አጥር ላይ አስደግፈሽ ጁፒተርን ብታዪ ከጎኑ በመስመር የተሰለፉ እስከ አራት ነጥቦች ይታያሉ፤ ጨረቃዎቹ ናቸው። በየማታው ቦታቸውን በደብተር ላይ ነጥብ በነጥብ ብትሥዪ ሲዞሩ ትከታተያለሽ። ጨረቃን ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን ተመልከቺ፤ ጥላ የሚወድቀው ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ስለሆነ ጉድጓዶቹ የሚጎሉት እዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብም ዝቅ ብላ፣ ክንድ ተዘርግቶ በሚያዝ አንድ ጭብጥ ከፍታ ላይ ናት። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ዞር ብለሽ ወደ ደቡብ ብታዪ ደግሞ የደቡብ መስቀልን ታገኛለሽ። ሁለቱን በአንድ ምሽት ማየት የማይችል አገር ብዙ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባይኖኩላር ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አይዞርም፤ ለቅጽበትም ቢሆን ዓይን ያጠፋል። ወደ ካምፕ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሰው ግቢም አታዙሪው። ከከተማ ስትወጪ የመንገዱን ሰላም ጠይቀሽ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሂጂ፤ ገበሬውን ሰላም ብለሽ የመጣሽበትን አስቀድመሽ ንገሪው፣ ድንበር ድንበሩን ይዘሽ ሂጂ እንጂ ማሳ አትርገጪ። እረኞቹን ጠይቂ፤ የትኛው ወፍ የት እንደሚጥል ከመጽሐፍ አስቀድመው ያውቃሉ።

ጠባሴዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብተሩን ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ገበያ ላይ «30 በ60» የተባለ፣ መስታወቱ ቀይ የሆነ በርካሽ አለ፤ 8 በ42 የሚባለው ከሱ ይወደዳል። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው አይሻልም? መነጽር አድራጊ ነኝ፣ እሱስ ያስቸግራል?

ቆላ_ደጋ

አይሻልም። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያጎላበት ነው፤ የእጅሽንም መንቀጥቀጥ በዚያው ልክ ያጎላዋል። ከ10 በላይ የሆነ ያለ ማቆሚያ በእጅ ይዞ ወፍ ማየት አድካሚ ነው። ሁለተኛው ቁጥር የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍዪ፦ 42 ለ8 ከ5 ትንሽ ይበልጣል፣ 60 ለ30 ግን 2 ብቻ። ያ ወደ ዓይንሽ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ ንጋት ላይ 2 ሚሊሜትር ጨለማ ነው። በነዚህ ርካሾች ላይ የተጻፈው ቁጥርም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አይገጥምም። ቀይ ቅቡም ቀለም ያበላሻል፣ ለወፍ ደግሞ ቀለም ያስፈልገናል።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍዪ ሞክሪው። ወደ ሩቅ የስልክ እንጨት ወይም ጣሪያ ጠርዝ አነጣጥሪ፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ጥቂት ቆይቶ ግንባርሽን ከከበደሽ ሁለቱ ቱቦዎች አልተገጣጠሙም፣ እሱን ራስሽ አትጠግኚውም፣ ተዪው። መነጽር ስለምታደርጊ የዓይን ላስቲኩን ወደ ውስጥ እጠፊው ወይም አዙረሽ አስገቢው፤ ያኔ ሙሉ ክብ ካልታየሽ ለአንቺ አይሆንም።

ማስተካከያው እንዲህ ነው፦ የቀኙን መስታወት በእጅሽ ሸፍነሽ በግራ ዓይንሽ እያየሽ የመሐሉን ጎማ እስኪጠራ አዙሪ። ከዚያ ግራውን ሸፍነሽ፣ ጎማውን ሳትነኪ፣ በቀኙ ዓይን ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሪ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ በኋላ የምታዞሪው የመሐሉን ብቻ ነው።

ወፍ ስታዪ ዓይንሽን ከወፉ ሳትነቅዪ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንሽ አምጪ እንጂ ባይኖኩላሩን ቀድመሽ አንሥተሽ ወፉን አትፈልጊ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢም በላስቲክ ከረጢት አሥረሽ እስኪሞቅ ተዪው፤ ያለበለዚያ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ውሃ የማይገባው ካልሆነ ደግሞ ውስጡ ገብቶ ሻጋታ ያበቅላል። አቧራውን መጀመሪያ እፍ ብለሽ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ፤ በነጠላ ጫፍ ደረቁን መወልወል መስታወቱን ይጭረዋል።