የድሮ ካነን 17 ሚሜ ሌንስ ከአሜሪካ ሊመጣልኝ ነው፣ 6ዲ ላይ ይሠራል?

ሽሮሜዳ_ክሊክ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰርግና ልደት የምሠራ ልጅ ነኝ፣ የራሴ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራዋ) ካነን 700ዲ ናት፣ ከጓደኛዬ ጋር ተዋጥተን የገዛናት 6ዲም አለችን። ዘንድሮ ለገና ላሊበላ ልሄድ ነው እና ሁሌ የሚቆጨኝ አንድ ፎቶ አለ፣ ቤተ ጊዮርጊስን ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ከእግሩ እስከ ጣሪያው በአንድ ፍሬም ማስገባት፣ ከላይ ሆኖ መስቀሉን ማንሳትማ ቱሪስቱም በስልኩ ያነሳዋል። ያለኝ ሌንስ 24-105 ሚሜ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያያል)፣ 24 ላይ አድርጌ ግድግዳው ጀርባዬን እስኪወጋኝ ብሸሽም ወይ ጣሪያው ወይ እግሩ ትንሽ ይቆረጥብኛል፣ ያናድዳል።

አሁን ሜሪላንድ ያለ የአክስቴ ልጅ ለበዓሉ ሊመጣ ነው፣ ኢቤይ ላይ ካነን ኤፍዲ 17 ሚሜ ኤፍ 4 አየሁልህ፣ የፈረንጆቹ 1970ዎቹ ብረት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ አይሠራም፣ ካነን ለካነን ደግሞ ምን ችግር አለው ይለኛል። ፎቶውን ሳየው እውነት ለመናገር ልቤ ሄዷል። ኦቶፎከስ ባይኖረውም ግድ የለኝም። ይምጣልኝ ወይስ ይቅር? 700ዲዋ ላይስ እንዴት ነው?

ብሎን_ፈቺ፦
እንዳትገዛው። ካነን ለካነን የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አይሠራም ወንድሜ። ካነን በ1987 በፈረንጆቹ እንዳንተ ያሉትን የኢኦኤስ ካሜራዎች ሲያመጣ የድሮውን አፍ (ሌንሱ የሚገጠምበትን) ሙሉ በሙሉ ጥሎ ነው አዲስ የጀመረው። ኤፍዲ ሌንስ ከኋላ አፉ እስከ ፊልሙ 42 ሚሜ ርቀት ይፈልጋል፣ ያንተ ኢኦኤስ ቦዲ ደግሞ 44 ነው። ስለዚህ አዳፕተሩ (ሁለቱን የሚያገናኘው ቀለበት) እንደ ወረቀት ቢሳሳ እንኳ ሌንሱ ቢያንስ 2 ሚሜ ወደፊት ወጥቶ ነው የሚቀመጠው። 2 ሚሜ ምን አላት እንዳትል፣ 50 ሚሜ ሌንስ ቢሆን ቢያንስ አንድ ሜትር ከምናምን ላይ ያለ ሰው ታነሳበት ነበር፣ 17 ሚሜ ላይ ግን ከአንድ ስንዝር ያለፈ ነገር በሙሉ ጭጋግ ነው። ጊዮርጊስን አይደለም ሌንሱ አፍንጫ ላይ ያረፈች ዝንብ ነው የምታነሳበት።

መሀሉ መስታወት ያለው አዳፕተር አለ ይሉሃል፣ አለ፣ ግን ያ መስታወት ምስሉን ያጎላዋል፣ ማለትም ሰፊ ሌንስ ገዝተህ ሌላ ገንዘብ ከፍለህ ታጠብበዋለህ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ያበላሽብሃል።

6ዲ ላይ የሚሄደው ርቀቱ ከ44 የሚበልጠው ነው። ኒኮን ኤፍ 46.5 ነው፣ ኦሊምፐስ ኦኤም 46፣ ፔንታክስ ኬ እና በብሎን የሚታሰረው ኤም 42 ሁለቱም 45.46። እነዚህ ልዩነቷን በምትሞላ ቀለበት በቃ ይገባሉ። እና አዎ፣ የኒኮን ሌንስ ካነን ላይ ይሠራል፣ የካነን ሌንስ ካነን ላይ አይሠራም፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ኒኮር 20 ሚሜ ኤፍ 3.5 ኤአይ የምትባለውን ፈልግ፣ ለሰፊ ሌንስ ትንሽ ናት፣ ፊልተሯ 52 ነው። የጀርመኖቹ ፍሌክቶጎን 20 ደግሞ በኤም 42 አለ፣ ጎበዝ ሌንስ ነው ግን ኤፍ 4 የሆነው 77 ፊልተር የሚበላ ድስት ነው። የኤም 42 ሌንስ ከገዛህ ደግሞ አንዳንዱ ኋላው ስለሚገባ 6ዲ ውስጥ የሚነሳ የሚወድቀውን መስታወት (ሚረሩን) እንዳይመታ፣ መጀመሪያ ላይቭ ቪው (መስታወቱ ተነስቶ በስክሪኑ የሚታይበትን) ከፍተህ ሞክረው።

700ዲ ላይ ግን የድሮ ሰፊ ሌንስ አትልፋ። ክሮፕ ነው፣ ማለት ሴንሰሯ ከ6ዲ ያነሰ ነው፣ በ1.6 ይባዛል፣ 20ው 32 ይሆናል። እሱስ ከካሜራው ጋር በሚመጣው የኪት ሌንስ ላይም አለ። ለሷ ኢኤፍ-ኤስ 10-18 ግዛላት፣ 10ሩ እንደ 16 ያያል፣ ፕላስቲክ ነው ግን ሥራ ይሠራል። 6ዲ ላይ ግን አይገባም እሱ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ቡና፦
የላይኛው ወንድማችን ትክክል ነው ግን ሌንሱን አትስደቡብኝ 😄 እኔ ኤፍዲ 17ቱን ሶኒ ኤ7 ላይ ነው የምጠቀምበት፣ ሶኒ ያ የሚነሳ መስታወት (ሚረር) ስለሌላት ርቀቷ 18 ሚሜ ብቻ ነው ስለዚህ የዓለም የድሮ ሌንስ ሁሉ በአዳፕተር ይገባላታል። መሀሉ ኤፍ 8 ላይ ምላጭ ነው፣ ዳሩ ግን አሁን ካሉት ጋ አይወዳደርም። አንድ ቀን መስታወት አልባ ቦዲ ከገዛህ ያኔ አስበው። ለሶኒ ሁሉም ይሄዳል ብዬ ግን ላላሳስትህ፣ እነዚያ ኋላቸው ፊልሙን ሊነካ የሚደርስ እንደ ሩሳር 20 ሚሜ ያሉት የሩሲያ ሌንሶች ዲጂታል ላይ ጥጋጥጉን ሐምራዊ ያደርጉታል፣ ብርሃኑ በጣም ተጋድሞ ሴንሰሩ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ለፊልም ነው የተሠሩት።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እዚህ አሜሪካ ያገለገለ የካነን 17-40 ኤል ሌንስ አሁን ዋጋው በጣም ወርዷል፣ ሁሉም ወደ መስታወት አልባ ስለሄደ። የአክስትህ ልጅ እሱንም ይጠይቅ፣ ልዩነቱ እንደምታስበው ላይሆን ይችላል፣ ኦቶፎከስ አለው፣ ሰርግም ትሠራበታለህ። የድሮውን የምትፈልገው ስለምትወደው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔም እንደዛ ነኝ አልፈርድብህም።

ስለ መግዛት ግን፣ ኤክሰለንት ምናምን ፕላስ ፕላስ ፕላስ የሚለውን እንዳታምኑ። እኔ አንዴ አንድ ሻጭ ጋር አራት ፕላስ የተደረደረበት ሌንስ ገዝቼ ደርሶኝ በባትሪ ሳየው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ፈንገስ፣ ተመልሼ ማስታወቂያውን ሳነብ ታች በትንንሽ ፊደል ተጽፏል ለካ፣ ፎቶውን ብቻ አይቼ ነው የከፈልኩት ጥፋቱ የኔው ነው። እና ልጁ በአካል ሄዶ ቢያይ ጥሩ ነው። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ በኤፍ ቁጥር የሚለካውን) ሙሉ ይክፈት፣ የስልክ ባትሪ ከኋላ ያብራ፣ ከፊት ያጮልቅ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም ሁሉም አለው። ድር፣ ጭጋግ፣ ወይ መስታወቱ ዳር ላይ እንደ ነዳጅ ቀስተ ደመና የሚያበራ ነገር ካየ ይተወው። የፊት መስታወቱን ጭረት በደንብ ይይ፣ ሰፊ ሌንስ ፊቱ ላይ ፀሐይ በቀላሉ ስለሚገባበት ጭረቱ ፎቶው ላይ ወተት ሆኖ ይመጣል። የፎከስ ቀለበቱን ከዳር እስከ ዳር ያዙረው፣ ቅባቱ ደርቆ ከጠነከረ ላሊበላ ላይ ታለቅስበታለህ።

ሽሮሜዳ_ክሊክ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ከስንት ጉድ አወጣችሁኝ። 17-40ውን ጠይቀው ብዬዋለሁ፣ ግን ያቺን ኒኮር ኢንተርኔት ላይ አይቻት እንቅልፍ ነስታኛለች። ሁለት ጥያቄ፣ አንደኛ ትንሽ ፈንገስ ያለበት በግማሽ ዋጋ ቢገኝ አጽድቶ መጠቀም አይቻልም? ሁለተኛው ዋናው፣ 20 ጊዮርጊስን ያስገባልኛል ወይ? 17 ይሻላል ብዬ ነበር እኮ ልቤ የሄደው።

ባለ_ሦስት_እግር፦
ልጄ፣ ገዝተህ ከመናደድህ በፊት እስክርቢቶ አውጣ።

ሕንፃው ወደ 12 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ካሜራህን በቁሙ ይዘህ፣ ሳታቀና ሳትደፋ፣ ቀጥ ብለህ ቆምክ እንበል። 20 ሚሜ ላይ ከመሀል ወደ ላይ የምታየው የቆምክበትን ርቀት 0.9 እጥፍ ነው፣ የፍሬሙ ግማሽ 18 ሚሜ ስለሆነ ለ20 ሲካፈል። ዓይንህ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ስለሆነ ከዛ በላይ የሚቀርህ 10 ሜትር ተኩል ነው፣ ለ0.9 ስታካፍለው 12 ሜትር ግድም መራቅ ይኖርብሃል። በ17 ደግሞ 10 ሜትር። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ 10 ሜትር መሸሻ የለህም፣ ጀርባህ ነግሮሃል። ስለዚህ ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንዲቆምልህ ከሆነ ሁለቱም አያዋጡህም።

ካሜራውን ቀና ካደረግከው ግን ነገሩ ይቀየራል። 6 ሜትር ላይ ቆመህ ከእግሩ እስከ ጣሪያው ለማየት 74 ዲግሪ ያህል ያስፈልግሃል፣ 24 ሚሜ በቁሙ የሚሰጥህ ልክ ያንኑ 74 ነው፣ ለዚህ ነው ትንሽ ትንሽ የሚቆረጥብህ። 20ው 84 ይሰጥሃል። ይበቃል። ሕንፃው ወደኋላ የሚወድቅ ይመስላል፣ እሱን ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ታቃናዋለህ፣ ሙሉ በሙሉ አታቃናው ያስጠላል፣ ከጉድጓድ ቀና ብሎ ያየ ሰው እንደዛ ነው የሚያየው። የመስቀሉ ግራና ቀኝ ክንድ ግን በቁም ፍሬም አይገባም፣ እሱን ከፈለግህ ሁለት ሦስት ፍሬም አንስተህ አጣብቀው፣ ለማጣበቅ ከሆነማ 24ህም ይበቃሃል ምንም አትግዛ። ይህን ስልህ ኒኮሯን እንደምትገዛት አውቃለሁ።

ከገዛህ ደግሞ ፎከሱን በዓይንህ አትፈልግ። በ20 ሚሜ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ መስሎ ያታልላል። ኤፍ 11 ላይ አድርገህ ፎከሱን 1.2 ሜትር ላይ ብታቆመው ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ ማዶ ተራራ ድረስ ይያዝልሃል፣ ኤፍ 8 ከሆነ 1.7 ሜትር ላይ፣ ያኔ ከ85 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ። ለትልቅ ሕትመት ከሆነ በዚህ ቁጥር አትመን፣ እኔ ኤፍ 11 ላይ እያነሳሁ የኤፍ 8ን ርቀት ነው የምጠቀም። ርካሽ አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ሳስ ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ርቀት ይዋሻል፣ ቤትህ ላይቭ ቪው ላይ አጉልተህ 1.2 ሜትሩን በሜትር ለክተህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፍበት። የኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ፕላስተር አለባት።

ቤተ መቅደስ ውስጥ ፍላሽ የለም፣ ፈቃድም ጠይቅ። ጨለማው ከባድ ነው፣ አይኤስኦህን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ንቃት) 3200 አድርገህ አፐርቸሩን ከፍተህ ትሠራለህ፣ ያኔ ዳሩ ይለሰልሳል፣ ግን ዳሩ ጨለማ ስለሆነ ማንም አያይህም። ሻማ ካለ ፍሬሙ ጠርዝ ላይ እንዳታስቀምጠው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ፊልተር) ደግሞ ቤትህ ተወው፣ በሰፊ ሌንስ ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ግማሹን ነጭ ያደርገዋል።

አደራ የምልህ ሰርግ ላይ በሱ የቤተሰብ ፎቶ አታንሳ። እኔ ወጣት ሆኜ ሠርቼዋለሁ፣ አዳራሹ ጠባብ ስለነበር። የሙሽራው አክስት ዳር ላይ ነበሩ፣ ጭንቅላታቸው እንደ ሐብሐብ ተለጥጦ ወጣ። ሴትየዋ ፎቶውን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡ።

ብሎን_ፈቺ፦
ሐብሐብ 😂😂 ጋሼ ገደሉኝ።

የፈንገሱን እኔ ልመልስ። ይጸዳል፣ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ገና ላዩ ላይ ያለው ይጠረጋል፣ የቆየው ግን መስታወቱ የተቀባውን ኮቲንግ በልቶት ስለሚሄድ ድሩን ብታነሳው እንኳ አሻራው መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ያን ማንም አይመልሰውም። ሰፊ ሌንስ ደግሞ ለመፍታት እንደ 50 ሚሜ አይደለም፣ ያቺ 20 ውስጧ ብዙ መስታወት ነው የተደረደረው፣ አንዷ ፀጉር ታህል ተንጋዳ ከገባች የፎቶው ግራ ጥግ ይደበዝዛል ቀኙ ጥርት ይላል፣ ከዛ እኔ ጋ ይዘህ ትመጣለህ። ንጹሕ ግዛ። ከገዛህ በኋላም ክረምቱን ቁም ሳጥን ውስጥ በቆዳ ቦርሳው አትዝጋባት፣ ቆዳው እርጥበት ይዞ ነው የሚያሻግታት። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን ሲሊካ ጄል ሰብስበህ ጣልበት፣ አልፎ አልፎ አውጥተህ ተጠቀምባት። ሩዝ የሚሉትን አትስማ፣ ዱቄቱ ነው የሚገባባት።

ደግሞ ለልጁ አዳፕተሩን አስረግጠህ ንገረው፣ ከኒኮን ኤፍ ሌንስ ወደ ካነን ኢኤፍ ቦዲ። አር ኤፍ የሚል ካመጣልህ የአዲሶቹ ነው፣ 6ዲ ላይ አይገባም፣ ከሜሪላንድ ድረስ ለመመለስ ደግሞ ማን ይሄዳል።

ሽሮሜዳ_ክሊክ፦
ጋሼ እርስዎ ካሉማ አለቀ፣ ሜትርና ፕላስተር አዘጋጅቻለሁ። ለልጁ አሁን ደወልኩለት፣ ካነኑን ተወው የኒኮን ሌንስ ግዛልኝ አልኩት። ዝም አለና ከዛ ካሜራህን ሸጥከው እንዴ አለኝ። አልሸጥኩም፣ ካነኔ ላይ ነው የምገጥመው ስለው ስልኩን ለእናቱ ሰጣት።