ቤንዚን መኪና መከልከሉ ለደሴ ሰው በጀው ወይስ ጎዳው?

የሆጤዋ፦ ያ ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬውን ክርክር እኔ ልክፈተው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ መናኸሪያ ተጋፍቼ ስመለስ ግን 100 ይሆንብኛል። አሁን ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ፣ ወንድሜም ሊያበድረኝ ነው። አሮጌ ቪትዝ ልግዛ ብል ዋጋዋ ጣሪያ ነክቷል። ደላላውን ለምን ብለው፣ "ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያለው ይኸው ነው" አለኝ። በዚያው ብር አካባቢ ትንሿን የቻይና ኤሌክትሪክ አዲሷን አገኝልሻለሁ ይላል። ክልከላው ለእኛ ለተራራ ሰዎች ልክ ነበር ወይ? እኔስ የቱን ልግዛ?

ባለ ዲኤክሱ፦ ልክ አልነበረም ልጄ። በ2012 በኤክሳይስ ታክስ አሮጌውን ዘጉብን። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫኑ። እሺ፣ አዲስ ግዙ ማለታቸው ነው አልን። አራት ዓመት ሳይቆይ አዲሱንም ቤንዚን ዘጉት። የእኔ ዲኤክስ ከመጀመሪያ ልጄ ትበልጣለች። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ በአንድ ጄሪካን ቤንዚን ሰባት ሰው ጭኜ ወጥቻለሁ። ያን ቀን "ቆዩኝ፣ ቻርጅ ላድርግ" ልል ነበር?

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ፣ ያቺ ጄሪካን ባትኖርዎት ኖሮ እርስዎም እንደኛ በእግር ነበር የሚወጡት። መብራት ሲጠፋ የማደያው ፓምፕስ በምን ይሠራል? ቤንዚኑ በዶላር ነው የሚገዛው። መብራቱ ግን የራሳችን ነው። ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው አቅሙ። እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ። የነዳጅ ሰልፍ ስንት ሌሊት መኪና ውስጥ እንዳስተኛኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለ ዲኤክሱ፦ ግድቡ ጉባ ነው። ትራንስፎርመሩ ግን ሆጤ ነው። ባለፈው ክረምት ሲፈነዳ ስንት ቀን እንደተቀመጥን ጠይቃት።

የሆጤዋ፦ አራት ቀን። ሊጥ ተበላሽቶብኛል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ፖለቲካውን ለጊዜው ተዉትና መንገዱን እንየው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ትወጣላችሁ። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳር ላይ ካለው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል (የጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም)። የትንሿ ቪትዝ ሞተር አንድ ሺህ ሲሲ ነው። አራት ሰው ይዛ ዳገቱን ስትወጣ የምታለቅሰው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ልዩነታቸው ይብሳል። ሰው ጨምሮ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 600 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከፊሉ ጎማውን ለማንከባለልና ነፋሱን ለመግፋት ይሄዳል፤ የተረፈውን የነዳጇ በፍሬን ሸራና በሞተር አሙቃ ለነፋስ ትሰጠዋለች። የኤሌክትሪኳ ሞተር ግን ስትወርድ እንደ ዳይናሞ ይሠራል፣ ከዚያ ከተረፈው ብዙውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ጠዋት ኮምቦልቻ ስትደርሺ የጎደለብሽ ጥቂት ነው።

ሲኖ ሹፌሩ፦ መምህር ያሉት ለኛም ገብቶናል። በፎሌ የሚወርድ ሰው ዕብድ ነው። እኔ ገና ከላይ ከባድ ማርሽ ይዤ ነው የምወርደው። ፍሬን አንዴ ከጋለ የሚይዝህ ገደሉ ብቻ ነው። ለነገሩ እናንተ መኪናችንን "ቀይ ሽብር" እያላችሁ ትሸሹናላችሁ፣ ጥፋቱ ግን ሁሌ የሹፌር አይደለም። አንድ ጥያቄ አለኝ። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ፣ ስትወርድ የሚመጣውን መብራት የት ታስቀምጠዋለች?

የፊዚክስ መምህሩ፦ ጎበዝ! የትም አታስቀምጠውም። ባትሪው ሙሉ ከሆነ መኪናዋ በሞተሯ መያዙን ትቀንሳለች፣ ሥራው ወደ ተራው ፍሬን ይሄዳል። ስለዚህ እላይ ደሴ የሚያድር ሰው 100 በመቶ ሞልቶ መውረድ የለበትም። 80 ወይም 85 ላይ ያቁም። ኮምቦልቻ አድሮ ደሴ የሚሠራው ግን ሞልቶ ቢነሳ ግድ የለም፣ ጠዋት ዳገት ነው የሚጠብቀው።

መካኒክ ከሸዋ በር፦ እኔ እንጀራዬን የሚነካ ነገር ቢሆንም እውነቱን ልናገር። ኤሌክትሪኳ የሞተር ዘይት የላት፣ ካንዴላ የላት፣ ፍሪሲዮን የላት። የፍሬን ሸራዋም ቶሎ አያልቅም። ግን አብሽሪ ብዬ አልሸነግልሽም እህቴ። በቀደም አንዷን አመጡልኝ። ስክሪኗ ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ቀይ ምልክት ታበራለች፣ ምን እንዳለች አላህ ይወቅ። በስልክ ፎቶ እያነሳሁ አዲስ አበባ ስልክ፣ እነሱም ቻይና ሲልኩ ሦስት ቀን ሄደ። መጨረሻ ላይ የተበላሸችው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሆና አረፈችው! የቪትዝ ዕቃ እኮ ከዚሁ ከሰፈሬ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይመጣል።

የሆጤዋ፦ እናቴ ከወረኢሉ ወዲህ ናት። ከአስፋልቱ ወጥቶ ኮረኮንች አለው።

መካኒክ ከሸዋ በር፦ እሱማ ለሁለቱም ከባድ ነው። የኤሌክትሪኳ ባትሪ ግን ከሆዷ ሥር ነው የተነጠፈው፣ ድንጋይ ቢመታው ቀልድ የለውም። ለእናትሽ ሃይሉክስ ነበር የሚያስፈልግሽ። እሱን ደግሞ አንቺም እኔም አንገዛውም።

ባለ ዲኤክሱ፦ ሌላም አለ። በኛ አገር መኪና ማለት ቤት ነው። አሥር ዓመት ነድተሽ ከገዛሽበት በላይ ትሸጫለሽ። ባትሪው የደከመ ኤሌክትሪክ ማን ይገዛሻል? አዲስ አበባም 400 ኪሎ ሜትር ነው። የጣርማበርን ዳገት አስቢ። መሐል ላይ የት ትሞያለሽ?

የኮምቦልቻው፦ እሷ የጠየቀችው ሥራ መሄጃ ነው እንጂ አዲስ አበባ መሄጃ አይደለም። ለዓመት ሁለት ጊዜ አውቶቡስ አለ።

ባለ ዲኤክሱ፦ ታዲያ ልሂድ ብላ ብትነሳስ? ምርጫው የእሷ ይሁን ነው የምለው። ኤሌክትሪኩ ጥሩ ከሆነ ቤንዚኑ ሳይከለከል አይሸጥም ነበር?

(እዚህ ላይ የኮምቦልቻው ዝም አለ። ክርክሩን የጻፍኩት እኔም መልስ አጣሁለት።)

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እህቴ፣ መጀመሪያ የቤትሽን ቆጣሪ እይው። ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር ወደ 2 ኪሎዋት ይስባል። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው። ስለዚህ ምጣድ የቻለ መስመር ይችለዋል፣ ሶኬቱና ሽቦው ደህና ከሆነ። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ለደርሶ መልስሽ ሰባት ስምንት ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፣ ማለትም በየሌሊቱ አራት ሰዓት ያህል መሰካት። ቆጣሪው የብቻሽ ነው?

የሆጤዋ፦ የጋራ ነው። ተከራይ ነኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ በይ እንግዲህ ከመኪናው በፊት አከራይሽን አናግሪ።

የሆጤዋ፦ አናገርኳቸው። የተናገሩትን እንዳለ ልጻፍላችሁ፦ "ምጣድ ስትጥጂ ቆጣሪው ሲሮጥ እያየሁ ዝም አልኩሽ። ደግሞ ብለሽ ብለሽ መኪና ልትጋግሪብኝ?" ከዚያ ቡና አፈሉልኝና ረገብ አሉ። የራስሽን ቆጣሪ አስገቢና እንዳሻሽ አሉኝ። ማመልከቻ አስገባለሁ። ቆጣሪው ከመጣ ኤሌክትሪኳን ነው የምገዛው፣ ዳገቱ አሳምኖኛል። ክልከላውን ግን አልወደድኩትም። ጋሼ በዚህኛው አሸንፈውኛል። እስከዚያ ከሆጤ በጠዋት ኮምቦልቻ የሚወርድ ካለ የነዳጅ እጋራለሁ።

ባለ ዲኤክሱ፦ ከነገ ጀምሮ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ ጠብቂኝ። ከፊት ያለው በር ከውጭ ነው የሚከፈተው፣ ከውስጥ እጀታው ወልቋል።