አባዬ ከኦፕራሲዮን በፊት ይራመድ ወይስ ይረፍ?

የጀሞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነስቷል፣ ዳኙን።

አባዬ 66 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ። ትልቁ አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ከአምስት ሳምንት በኋላ ለኦፕራሲዮን ተቀጥሯል። ስኳርም አለበት፣ ክኒን ይወስዳል። ሲጋራ በቀን አምስት ስድስት ያጨሳል። "እሱ ከቁጥር አይገባም" ይላል፣ የሒሳብ አስተማሪው!

ሐኪሙ ቸኩሎ ነበር። "በየቀኑ ይራመዱ፣ ሲጋራ ያቁሙ፣ ደህና ይብሉ" አለና ወደ ቀጣዩ ታካሚ ዞረ። ስንት ደቂቃ? በምን ፍጥነት? አልነገረንም።

ቤት ስንገባ እማዬና አክስቶቼ ሌላ ብይን ሰጡ። ቢላ የሚጠብቀው ሰው ጉልበቱን ይቆጥባል እንጂ ያባክናል ወይ? አባዬ አሁን ጋቢ ተከናንቦ ሶፋ ላይ ይውላል። ሪሞት ይቀርብለታል፣ ውሃ ይቀርብለታል። ትናንት አክስቴ ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማውን አጠለቀችለት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ ሰሞኑን ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ ጀምሯል። እማዬ "አየሽ፣ ደክሟል" ትላለች። እኔ ደግሞ የደከመው ስለተኛ ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

ፊዚዮ ከጎንደር

አንቺ ትበልጫለሽ፣ እናትሽም ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። እመለስበታለሁ።

ኦፕራሲዮን ለሰውነት ከባድ ሥራ ነው። ልብና ሳንባ ይፈተናሉ። ቁስሉን ለመጠገን ሰውነት ከጡንቻው ይበደራል። አባትሽ ሶፋ ላይ በዋሉ ቁጥር የሚበደሩት ነገር እያነሰ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ አረጋውያንን 10 ቀን አልጋ ላይ አውለው ሲለኩ፣ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ቀንሶ ተገኝቷል። ጤነኞች ናቸው እንግዲህ!

ሞንትሪያል ላይ የተሠራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። 77 የአንጀት ታካሚዎች ነበሩ። ገሚሶቹ ከኦፕራሲዮኑ አራት ሳምንት ቀድመው እርምጃና የጡንቻ ሥራ ከፕሮቲን ጋር ጀመሩ። ሌሎቹ ያንኑ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጀመሩ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በስምንተኛው ሳምንት ወደ ቀድሞ የመራመድ አቅማቸው የተመለሱት ከፊተኞቹ 84 ከመቶ፣ ከኋለኞቹ 62 ከመቶ ነበሩ። ላጋንንልሽ አልፈልግም፣ ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜና የገጠማቸው ችግር ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ቶሎ በእግር መቆም ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ግን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ልኩን በወሬ ለኩት። እየተራመዱ ማውራት ይችሉ፣ መዝፈን ይቃታቸው። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ ብለው ይጀምሩና በየሁለት ሦስት ቀኑ ይጨምሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ። የስኳር ክኒናቸው ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ስኳራቸውን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል በባዶ ሆድ እንዳይወጡ፣ ከረሜላም ከኪሳቸው አይጥፋ።

አሁን ወደ እናትሽ። የትልቁ አንጀት ዕጢ ሳይታይ ቀስ እያለ ደም ያፈሳል። ስለዚህ ማለክለኩ የሶፋው ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ደም ማነስም እንደዚያ ያደርጋል። እርምጃውን ከመጨመራችሁ በፊት ደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢናቸው ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ደረታቸውን ከጨመደዳቸው ወይም ካዞራቸው ያቁሙ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሹፌሩ፣ ደሴ

ልጄ፣ ያባትሽን ኦፕራሲዮን እኔ ከሁለት ዓመት በፊት አልፌበታለሁ። 31 ዓመት የጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ገላዬ ከመሪው ጋር ነው ያረጀው።

"ተራመድ" ሲሉኝ ሳቅሁ። ደሴ ደግሞ ሜዳ የላትም፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የመጀመሪያው ቀን ከቤቴ እስከ ሱቁ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ "ምነው ጋሼ፣ መኪናው ተበላሸ?" አለኝ። በአራተኛው ሳምንት ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሳልቀመጥ ደረስኩ።

ሲጋራውን ያን ሰሞን ነው የተውኩት። የዓለም ጤና ድርጅትም ከኦፕራሲዮን አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ያቆመ ሰው አደጋው ይቀንሳል ይላል። ያባትሽ አምስት ሳምንት እየሮጠ ነው፣ ዛሬውኑ ይጣሉት። ጫቱ ግን አስቸገረኝ። ሰመመን የሚሰጠው ልጅ "ይቅማሉ?" ሲለኝ ልጆቼ ፊት ልዋሽ ነበር። ከዚያ አስወጣኋቸውና እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ጻፈው ብቻ። ልብና ደም ግፊት ላይ ስለሚሠራ ማወቅ አለብኝ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ "ጋሼ ተነሱ" አለችኝ። ሆዴ እንደ ጆንያ ተሰፍቷል፣ አፍንጫዬ ላይ ቱቦ፣ እጄ ላይ ግሉኮስ። የግሉኮሱ ማንጠልጠያ አንዱ ጎማ አይዞርም፣ እየተንቋቋ ይጎተታል። እስከ መስኮቱ 11 እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ሚስቴ "ገደላችሁት!" ብላ ጮኸች። በእሷ አልፈርድም፣ ቤተሰቡን አስቀምጦ የመከረ ሰው አልነበረም። ጠያቂው ደግሞ ዘጠኝ ሆኖ አልጋዬን ከቦ፣ ቀና ባልኩ ቁጥር መልሶ ያስተኛኛል። በፍቅር ነው እንግዲህ። በኋላ ታላቅ ልጄን በር ላይ አቆምኩት፣ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ያስገባ ጀመር።

እዚያ ሰው ሁሉ የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፣ "አየር ወጣ?" አንጀት ሥራ መጀመሩ በዚያ ይታወቃላ። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩን ስዞር ወጣ። እልልታ ቀረ እንጂ ደስታውስ የልደት ነበር።

ጥፋቴንም ልንገርሽ። በሦስተኛው ሳምንት ደህና ነኝ ብዬ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አነሳሁ። እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተብዬ ነበር። አሁን ስፌቱ ላይ ቡአ አለብኝ። መራመድና ሸክም አንድ አይደሉም፣ ለአባትሽ ለይተሽ ንገሪያቸው።

ነርስ ነኝ፣ ቦስተን

ጋሼ ሹፌሩ ሁሉን ጨርሰውታል፣ ሳሉን ብቻ ልጨምር። እዚህ ቦስተን ሜዲካል ሴንተር "አይ ካፍ"፣ ማለትም "እስላለሁ" የሚሉት አሠራር አላቸው። በጥልቅ መተንፈስ፣ መሳል፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ከአልጋ መነሳት፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ነገሩን ደግሞ ለታካሚውም ለቤተሰቡም ማስረዳት። ሁሉም የሳንባ ምች እንዳይመጣ ነው። አባትሽ አሁኑኑ ይለማመዱት። ትራስ ሆዳቸው ላይ አቅፈው ጫን ይበሉና ይሳሉ። ትራሱ ስፌቱን ይደግፈዋል፣ ያኔ ሕመሙ ይቀንሳል። ከተቀደዱ በኋላ እንደ አዲስ ማስተማር ከባድ ነው፣ ማንም ሰው በሕመም ላይ ሆኖ ትምህርት አይገባውም።

ምግቡን በተመለከተ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት። የሚጾሙ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፣ ለታመመ ሰው መላ አይጠፋም። አይሆንም ካሉም ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው በርከት ይበል። ጠያቂ የሚያመጣውን የማንጎ ጁስ ግን አንቺ ጠጪው፣ ስኳር አለባቸው።

የጀሞዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ነው የምጽፈው።

ሄሞግሎቢኑን አስለካን፣ ዝቅ ብሏል። የደም ማነስ መድኃኒት ጀመሩለት፣ መራመዱንም "ቀስ እያሉ ይቀጥሉ" ብለውታል። እማዬ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። "አላልኩሽም?" ለማለት ነው፣ አክስቶቼ ሲመጡ ታወጣዋለች።

ግን እሷው ናት ጠዋት ጠዋት ይዛው የምትወጣው። ወሬውን እሷ ታወራለች፣ እሱ ይመልሳል፣ መልሱ ከተቆራረጠ ቀስ ይላሉ። ሲጋራው ሁለት ላይ ነው፣ ገና አልተላቀቀም፣ እየተጨቃጨቅን ነው። አባዬ ደግሞ የድሮ ደብተር አውጥቶ ሠንጠረዥ አስምሯል፤ ቀን፣ ደቂቃ፣ ከወንበር የተነሳበት ብዛት። ትናንት ደረጃውን ሲወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዴ ብቻ ቆመ። ደብተሩ ላይ "1 ዕረፍት" ብሎ ጻፈና በቀይ እስክሪብቶ ለራሱ ከአሥር ሰባት ሰጠ።