የዋርሆልን ህትመት ለጨረታ ማቅረብ አቃተኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ከሟች አባቴ የወረስኩት የአሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል «ማሪሊን» ህትመት (የተዋናይቷ የማሪሊን ሞንሮ ምስል) አለኝ። ጨረታ ቤቱ «ማረጋገጫ አምጣ» ብሎ መለሰኝ፤ የዋርሆልን ሥራዎች ያረጋግጥ የነበረው ቦርድ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ፈርሷል። ታዲያ ወደ ማን ልሂድ?

እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የ«ማሪሊን» ስብስብ 10 ህትመቶች ያሉት ሲሆን በ250 ቅጂ ነው የወጣው፤ ከጀርባው በእርሳስ ተፈርሞ የቅጂው ቁጥር በማኅተም ተመቶበታል። የእኔ ላይ ቁጥሩ አለ፣ ፊርማው ግን በጣም ደብዝዟል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ደግሞ ተመሳሳይ ህትመቶች በሌሎች እጅ ታትመዋል፤ ዋጋቸው እጅግ ያነሰ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። የግዢው ደረሰኝ ጠፍቷል፤ የቀረኝ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይበት የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ብቻ ነው።

ፎቶው ለባለቤትነት ታሪክ ይበቃ ይሆን? ወረቀቱንና ቀለሙን የሚመረምር ገለልተኛ ባለሙያስ እንዴት ላግኝ? የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።