ታንኩን ስሞላ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸታል፤ የመተንፈሻ ቱቦውን ልድፈነው?

ባለ ቮልስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት ቮልስዋገን አለችኝ። ታንኩን ግጥም አድርጌ በሞላሁ ቁጥር ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ወደ ግራ ስታጠፍ ደግሞ ይብሳል። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ሽታው ይጠፋል። ከታች ሁሉም ነገር ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ አላየሁም። አንድ መካኒክ ከታንኩ የሚነሳውን ቀጭን ቱቦ «ድፈነው፣ ትገላገላለህ» አለኝ። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን እያመማቸው ነው። ልድፈነው?

የድሮ መካኒክ፦
እባክዎ አይድፈኑት! ያ ቱቦ የታንኩ መተንፈሻ ነው። ፓምፑ ቤንዚን በሳበ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። ካልገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ሞተሩ መንገድ ላይ እየደከመ ሄዶ ቀጥ ይላል። ወርደው ክዳኑን ሲከፍቱ አየሩ «ፍስስ» ብሎ ይገባል፣ መኪናዋም ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ፓምፕ ተፈትቶ ሲጣል አይቻለሁ። ፀሐይ ላይ ስትቆም ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ 40 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይሰፋል። መውጫ ያጣ ግፊት በካርቡራተሩ በኩል መንገድ ይፈልጋል።

ምልክቱን ራስዎ ጽፈውታል። ታንኩ ሲሞላ ብቻ የሚሸት ከሆነ ክፍተቱ ከላይ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፉ ቤንዚኑ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በእርስዎ መኪና የመሙያው አፍ ያለው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ አፉን ከታንኩ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ጎማ ይመልከቱ። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ጣትዎን ከሥሩ አስገብተው በቀስታ ይዳብሱት፤ በተለይ ማሰሪያው ባጠበቀው ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ሊያገኙ ይችላሉ። ቀጥሎ የነዳጅ መለኪያው ታንኩ አናት ላይ የገባበትን ማሸጊያ ይዩ፤ ዙሪያው እርጥብ ወይም በቤንዚን የታጠበ ከሆነ ይቀይሩት። ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ ትነቱ በትንሹም ክፍተት ወደ ተሳፋሪዎቹ ይደርሳል።

ከመንካትዎ በፊት ግን ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ሥራውም ደጅ ላይ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን እንኳ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ልጆቹን እስኪጠገን ድረስ አያሳፍሯቸው።

ዘወትር ተጓዥ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ትነቱን የሚይዝ የከሰል ጣሳ አላቸው፤ ሞተሩ ሲሠራ መልሶ ስቦ ያቃጥለዋል። የእርስዎ የላትም፤ ስለዚህ የመተንፈሻው ጫፍ ከኮፈኑ ውጭ መድረሱን ያረጋግጡ። ከቦታው ተነቅሎ ኮፈኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢቀየርም ሽታው አይለቅዎትም።

ባለ ቮልስ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወፍራሙ ጎማ ከሥሩ ግማሽ ዙሪያውን ተሰንጥቋል፤ ጎንበስ ብዬ በመስታወት ነው ያየሁት። ቀጭኑም ቱቦ ደርቆ ሲታጠፍ ይፈረፈራል። ለጊዜው ተራ የውኃ ቱቦ ላድርግበት?

የድሮ መካኒክ፦
ለአንድ ቀንም ቢሆን አያድርጉ። የውኃ ቱቦ በቤንዚን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ለነዳጅ የተሠራ፣ ኤታኖል የሚችል ጎማ ይግዙ፤ ዛሬ ብዙ ቦታ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ የድሮውን ጎማ ቶሎ ይጨርሰዋል። ማሰሪያዎቹንም አብረው ይለውጡ። ቀጭኑን ሲዘረጉ የትም ቦታ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቤንዚን የሚያቁር እጥፋት አይኑረው። ነዳጅ ሲቀዱም የማደያው እጀታ ራሱ ሲዘጋ ይብቃዎት፤ ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ቤንዚኑ ሲሞቅ የሚሰፋበት ነው።